ሁለት ፈረሱላ ቡናና አንድ ገመድ

ይድረስ ከጅማ ከተማና ከጅማ ዞን ተመርጣችሁ በጨፌ ኦሮሚያ ለተቀመጣችሁ ወኪሎቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። ቡና እገዛለሁ፣ እቆላለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በሩብና በግማሽ ኪሎ አሽጌ እሸጣለሁ። ንግድ ፈቃዴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ግብሬንም በየዓመቱ እያጉረመረምኩ እከፍላለሁ። ከመንግሥት መሬትም ብድርም ጠይቄ አላውቅም። ዛሬም እንድትሰጡኝ የምጠይቃችሁ ነገር የለም። እንድታነሱልኝ የምፈልገው ግን አለ።

የሚነሳው ነገር ገመድ ነው።

ባለፈው የካቲት ከአጋሮ ወዲያ ካለ ቀበሌ ሁለት ፈረሱላ ቡና ገዛሁ። ሁለት ፈረሱላ 34 ኪሎ ነው፤ አንድ ጎረምሳ በትከሻው ይሸከመዋል። የሸጠልኝ ገበሬ ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ በአልጋ ላይ አስጥቶ ያደረቀው ነው። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድምጿን አሰማኝ። "ቆልተህ ካልወደድከው ገንዘብህን እመልስልሃለሁ" አለኝ። ከፈልኩት፣ ጆንያውን ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ፣ ወደ ጅማ መጣሁ።

መሀል መንገድ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ጫፍ አንድ ልጅ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ሚኒባሱን ዞር ዞር ብሎ አየና ጆንያዬን አገኘው።

"ጋሼ፣ መሸኛ አለዎት?"

የንግድ ፈቃዴን ኮፒ አሳየሁት። "ይሄ የጅማ ነው፣ ለዚህ አይሠራም" አለኝ። ወረቀቱ የሚጻፈው ቡናው ከተነሳበት ወረዳ ነው። ወረዳው ደግሞ ከኋላዬ ቀርቷል። ጆንያው ወረደ፣ ሚኒባሱ ሄደ፣ እኔ ተመለስኩ። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። በማግሥቱ ፈራሚው ተገኘ፣ ማህተም የምትይዘው ልጅ ግን ለቅሶ ሄዳለች። አልጋ ይዤ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ወረቀቱ ተጻፈልኝ። ስመለስ ጆንያው ከኬላው ቆርቆሮ ውጪ፣ መሬት ላይ፣ ዝናብ መቶት ጠበቀኝ።

ቡና ሽታ ይስባል። ቤት አምጥቼ እንደገና አሰጣሁት፣ ደረቀ፣ ግን ስቆላው ጆንያ ጆንያ ሸተተ። ለደንበኛ መሸጥ ስላልሆነልኝ እኛው ጠጣነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ "ያ የመሸኛ ቡና" እያለች ትስቅብኛለች። ወረቀቱን ሱቄ ውስጥ ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። አንዳንድ ደንበኛ ዲፕሎማ እየመሰለው ቀረብ ብሎ ያነበዋል።

ኬላውን ስም አልጠራም፣ ወረዳውንም አልጠራም። ልጁም አልበደለኝም። ሻይ ቡና አልጠየቀኝም፤ እውነቱን ለመናገር ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ በመቶ ብር እገላገል ነበር። ያዘዙትን ሠራ። እኔን ያሳሰበኝም ይሄው ነው። ሁሉም ሰው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ነው ቡናዬ የተበላሸው።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ምን ይላል ብዬ ሦስት ቦታ ጠየቅኩ። አንዱ "ለቤት ፍጆታ ከሆነ ችግር የለውም" አለኝ። ሌላው "ጀንፈል ከሆነ ሌላ ነው፣ የተፈለፈለ ከሆነ ሌላ ነው" አለኝ። ሦስተኛው "ለጥንቃቄ መሸኛ ያዝ" ብሎ አሰናበተኝ። እኔ የቀለም ሰው ነኝ፤ አማርኛም ኦሮምኛም አነባለሁ። እኔ ያልገባኝን ደንብ ጎማ ወረዳ ውስጥ ያለ ገበሬ እንዴት ይወቀው?

ብዙ ሰው ኬላ የሚቆመው ለጉቦ ነው ይላል። እኔ ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ወረዳ በዓመት ይህን ያህል ቡና ለማዕከላዊ ገበያ አቀርባለሁ የሚል ዕቅድ አለው። ኃላፊው የሚገመገመው በሱ ነው። ከጌራ የተነሳ ቡና ጎማ ገብቶ ቢሸጥ ለጌራው ኃላፊ ጉድለት፣ ለጎማው ደግሞ ምስጋና ነው። ለአገሪቱ ቡናው ያው ቡና ነው። ለገበሬው ግን ያው አይደለም፤ ጎማ ድረስ የተጓዘው እዚያ የተሻለ ዋጋ ቢያገኝ ነው። ስለዚህ ያ ገመድ የሚጠብቀው ሪፖርት ነው፤ ሌባውን ማን አስታወሰው?

ይሄ ለነጋዴ ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። አንዲት እናት አውቃለሁ። ከከተማ ወጣ ባለ ገበያ ቡና ይዘው ይመጣሉ። ጓሮአቸው ውስጥ ያለችውን ነው የሚሸጡት፤ በሻሽ ቋጥረው፣ አንዳንዴም በትንሽ ከረጢት። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሁለት ዓመት ተከታትያለሁ። ገበያው ላይ አንድ ገዢ ብቻ የቆመበት ቀን ዋጋውን የሚነግራቸው እሱ ነው። እጁን ቡናው ውስጥ ከትቶ ያነሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ "እርጥበት አለው" ይላል፣ ይቀንሳል። ሁለት ገዢ ያለ ቀን ዋጋ ይጠይቋቸዋል። አንድ ጊዜ ከሌላ ወረዳ የመጣ ሦስተኛ ሰው ተጨመረና ሴትዮዋ ቁጭ ብለው መረጡ። ያን ቀን እርጥበቱን ያነሳ አልነበረም። ቡናው ግን ያው የጓሮው ቡና ነበር።

የገዢ ፈቃድ በወረዳ ሲታጠር የሚሆነው ይሄ ነው። ያ ሦስተኛ ሰው ሁለተኛ አልመጣም። ፈቃዱ ለዚያ ወረዳ አይሠራም ተባለ። ለሴትዮዋ ማንም ደብዳቤ አልጻፈላቸውም፣ ማንም ቅጣት አልጣለባቸውም። ያጡትን ገንዘብ ማን እንደወሰደባቸው እንኳ አያውቁም። እኔ የጠፋብኝ ጆንያ ቢያንስ ይታያል፤ የሳቸው ኪሳራ አይታይም። ለዚህ ነው ማንም የማይጮህለት።

ዋጋ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር፤ ከዚያ በፊት እዚያ ደርሶ አያውቅም። ብራዚል ድርቅ መቶት ነው። ይህ ወሬ እኚህ እናት ዘንድ በምን ይደርሳል? በቴሌቪዥን አይደለም። ተጨማሪ ሁለት ገዢ ገበያው ላይ ሲታይ ነው። ገዢው ራሱ ወሬው ነው፤ መንገድ ላይ ገመድ ሲወጠር ወሬው እዚያው ይቀራል።

አሁን የምትሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ። "ኬላው ከተነሳ ቡናው በኮንትሮባንድ ያልቃል።" ይህን መልስ ደጋግሜ ስለሰማሁት ትንሽ ልቆይበት።

በመጀመሪያ፣ ከአጋሮ ወደ ጅማ የሚሄድ 34 ኪሎ ቡና የትኛውን ድንበር ሊሻገር ነው? የከተማችንን ወንዝ፣ አዌቱን?

ቀልዱን ልተወው። ኮንትሮባንድ የዋጋ ልዩነት ልጅ ነው። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ከባንክ ውጪ እጥፉ። ያን ጊዜ ብዙ አስመጪ ቡና ወደ ውጭ እየላከ ይከስር ነበር፣ አውቆ ይከስር ነበር፤ ኪሳራውን ዶላሩ በሚያመጣለት ብረትና መኪና ያወጣዋል። ገበያው በእንዲህ ዓይነት ሂሳብ ሲመራ ኬላ ብቻ ሳይሆን ግንብ ብትገነቡ ቡናው ቀዳዳ አያጣም። ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ባንክም ከ100 ብር በላይ ገባ፣ ልዩነቱም ጠበበ። የኑሮ ውድነቱን አልክድም፤ ዘይትና ስኳር እኔም እገዛለሁ። ግን ቡናን በተመለከተ፣ አንድ የምንዛሪ ውሳኔ የሠራውን አሥር ዓመት የቆመ ገመድ አልሠራውም።

ጥራትስ? ስለ ጥራት ከሆነ እኛው አካባቢ የተፈጠረ ታሪክ አለ። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው "ጅማ 5" በሚል ስም ነው። ርካሽ ቡና ማለት ነው፤ ፈረንጆች ከሌላ ጋር የሚቀላቅሉት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቡናም በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ሲገባ፣ የግል ነጋዴው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተደምሮ አንድ ክምር ሆነ። ማን አመረተው፣ ከየትኛው ኮረብታ መጣ የሚለው ጠፋ። ማኅበራት ግን በቀጥታ መሸጥ ተፈቅዶላቸው ነበር። አጋሮ አካባቢ ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች ማኅበር ማጠቢያ ተከለ፣ ቀይ ቀዩን ብቻ ለቀመ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ አልተቀየረም። አፈሩም ያው ነው። "ርካሽ" የተባለው ምድር ነው የአፍሪካን ምርጥ ቡና ያወጣው፤ ገዢው በስሙ ጠርቶ ሊከፍለው ሲችል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 1051 ይህን ዕድል ለሌሎችም ከፈተ። ጥራትን የሚጠብቀው መልሶ የሚመጣ ገዢ ነው። ኬላ ላይ የተቀመጠው ልጅ ቡና አይቀምስም፤ ወረቀት ነው የሚያየው።

(ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል መሆኑንም አውቃለሁ። ቡናን ለዓለም ያስተዋወቀ አገር ለልጆቹ ተራፊውን ያጠጣል። እሱ የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ስለ ጸጥታ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዘመኑ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ መንገድ ላይ ፍተሻ መኖሩ አይከፋኝም። መሣሪያ ይፈለግ። ቡና አይፈነዳም።

አባቴ በደርግ ዘመን ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሳለች ሹፌር ነበር። ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ቡና ትራስ ውስጥ ሰፍቶ ይይዝ እንደነበር ሲነግረን እንስቅ ነበር። ጊቤ ላይ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሁሉም ይወርዳል፣ ፍራሽ ሳይቀር ይዳበሳል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ለአራስ እህቷ የያዘችውን ሁለት ኪሎ ሲወስዱባት አውቶቡሱ ሙሉ አልቅሷል ይል ነበር። እህልም እንደዚያው ነበር፤ ገበሬው ኮታውን በተቆረጠለት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል፣ ነጋዴው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳያሻግር ይታገዳል። አንዱ ጋ እህል ረክሶ ሌላው ጋ ሰው ይራባል። በመጨረሻ በ1982 ዓ.ም. ደርግ ራሱ "ቅይጥ ኢኮኖሚ" ብሎ ኮታውን አነሳው። ልብ በሉ፣ ያነሳው ሊበራል ሆኖ አይደለም፤ አላዋጣውም። እኛ ዛሬ በ34 ኪሎ ቡና የምንጨቃጨቀው ደርግ እንኳ የሰለቸውን ነገር ይዘን ነው።

ከዚያም ወደኋላ ብሄድ ሂርማታ ራሷ ትመሰክራለች። በአባ ጅፋር ዘመን የሐሙስ ገበያዋ በደቡብ ምዕራብ ትልቁ ነበር። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ፣ ከከፋ ነጋዴ ይመጣ ነበር። ዘመኑን ወርቅ ነበር ብዬ አልቀባውም፤ እዚያው ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፣ ይህን ዘለን ታሪክ ማውራት ነውር ነው። ኬላም ነበር። ግን ኬላው የቆመው በመንግሥቱ ዳር፣ በድንበሩ በር ላይ ነው። ነጋዴው አንዴ ይከፍላል፣ ከገባ በኋላ ገበያው የሱ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የገዙት ንጉሥ ነጋዴን ማስቀየም ግምጃ ቤትን ማራቆት መሆኑን ገብቷቸው ነበር። ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ቆሞ ያየናል።

የውጭ ምሳሌም ልስጣችሁ። ህንድ እንደኛ ፌዴራላዊ አገር ናት። ግዛቶቿ በየድንበራቸው ኬላ ነበራቸው፣ የጭነት መኪና ለረጅም ሰዓት ይሰለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2017 በመላው አገሪቱ አንድ ወጥ የሽያጭ ታክስ ሲጀምሩ ከ20 በላይ ግዛቶች ኬላቸውን በቀናት ውስጥ አነሱ። ቁጥጥሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዋጋው ከ50,000 ሩፒ ለሚበልጥ ጭነት ነጋዴው ራሱ ወረቀቱን በኢንተርኔት ያወጣል። ማህተም የያዘች ልጅ ለቅሶ ብትሄድ የሚቆም ነገር የለም። ትንሹን ደግሞ አይነኩትም።

በነገራችን ላይ ይህ በሽታ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዩታ ግዛት ሹሩባ ለመሥራት ወደ 2,000 ሰዓት የውበት ትምህርት የሚጠይቅ ፈቃድ ነበር። አንዲት ከአፍሪካ የሄደች ሴት ከሰሰች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤት ፈረደላት። ሹሩባ! እናቶቻችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩትን።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ማንኛውም ዜጋ በአገሪቱ ውስጥ በማንኛውም ቦታ በፈለገው የኢኮኖሚ ሥራ የመሠማራት መብት እንዳለው ይናገራል። "ከወረዳው ካልወጣ" የሚል አላየሁበትም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጨፌው በክልሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የግብርና ምርት፣ ቡናም ማርም ኮረሪማም በቆሎም ይሁን፣ ከወረዳ ወረዳ ሲያልፍ መሸኛ እንዳይጠየቅ ይደንግግ። በአንድ ወረዳ የተሰጠ የገዢ ፈቃድ በሁሉም ወረዳ ይሥራ። ወረዳዎች "ይህን ያህል ቡና አቀረብን" በሚል ቁጥር መገምገማቸው ይቅር፤ መገምገም ካለባቸው ገበሬያቸው ስንት ብር እንዳገኘ ይገምገሙ። ሁሉን በአንዴ ማድረግ ካስፈራችሁ በጅማ ዞን ብቻ አንድ የቡና ወቅት ሞክሩት። በየገበያው ሰሌዳ ስቀሉና የዕለቱን ዋጋ በኖራ ጻፉበት። ወቅቱ ሲያልቅ ገመድ ካለበት አካባቢ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ተሳስቼ ከሆነ ሰሌዳው ያሳፍረኛል፣ ገመዱንም መልሳችሁ ወጥሩት።

ወረዳዎች የኮቴም ሆነ ሌላ ገቢ እንደሚያጡ ይገባኛል። በጀታቸው ቀጭን ነው። ግን ግብር ሱቅ ላይ ይሰበሰባል፤ እኔ ብዙ በሸጥኩ ቁጥር ብዙ እከፍላለሁ። አሁን መንገድ ላይ ሃያ ብር ለመያዝ ሱቅ ላይ ሁለት መቶ እየጣሉ ነው።

ገመዱን ይዘው የሚውሉት ልጆችስ? ሥራ አይፈቱ። ገበያ ውስጥ አስገቧቸው፣ ሚዛን ይፈትሹ። ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ማንም ነጋዴ አይተካውም። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ብትወርዱ ሥሩ ድንጋይ የታሰረበት ሚዛን ታገኛላችሁ፤ ጣሳውን ከውስጥ ጠፍጥፎ ያጠበበም አለ። ነፃ ገበያ ማለት የተጭበረበረ ሚዛን ማለት አይደለም። ከዚያ ሁሉ የኬላ ሰው አሥሩ እንኳ ሁለት ኪሎ የብረት መመዘኛ ይዞ ገበያውን ቢዞር፣ እኚያ እናት በአንድ ቀን የሚያተርፉት መሸኛ በዓመት ከሚያስገባላቸው ይበልጣል። መሸኛ የሚያስገባላቸው ምንም ስለሌለ ስሌቱ ከባድ አይደለም።

ቡናውን የሸጠልኝ ገበሬ ሰሞኑን ደውሎልኛል። ዘንድሮ ሦስት ፈረሱላ አለው፣ ከአምናው ይበልጣል ብሏል። መቼ እንደምመጣ ጠየቀኝ። "ቆይ፣ አንድ ደብዳቤ ልጽፍና እደውልልሃለሁ" አልኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ቡና ቆልቶ ከሚያድር አንድ መራጫችሁ፣
ጅማ